ማንጎዋ እስክታፈራ

ቤት ማከራየት በገዛ ግቢህ እንግዳ መሆን ነው። በሩ ያንተ፣ ቁልፉ የሌላ ሰው። ጣሪያው ያንተ፣ ከጣሪያው ሥር የሚሳቀው ሳቅ የሌላ ሰው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እንቅልፍ የሚጥመው እሱ፣ ሲያፈስ የምትጠራው አንተ። ይህን የምላችሁ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። በጃንሆይ ጊዜ ነቀምት ላይ የአውራጃ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩና የስንቱን አከራይና ተከራይ ክስ በዚህ እጄ ጽፌአለሁ። ምክር ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነበር፦ ተከራይህ ጎመን ይትከል፣ ሽንኩርትም ይትከል፤ ዛፍ ግን አይትከል። ጎመን ተቀንጥሶ ያልቃል። ዛፍ የተከለ ሰው ግን ነገ ዳኛ ፊት ቆሞ "እኔ ያለማሁት ግቢ" ይልሃል።

ለሰው መምከር ምን ይከብዳል!

የኔ ተከራይ መምህር ተሲሳ ይባላል። እዚያው ነቀምት አቅራቢያ የጉቴ ሰው ነው፤ ከባለቤቱ ከጫልቱና ከሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆቹ ጋር ጓሮ ያለችውን ቤቴን ይዞ ይኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት "አካም ቡልተን፣ ኦቦ?" ብሎ እንዴት አደሩን በኦሮምኛ ይጀምርና ስለ እኔ፣ ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ከብቶቼ ሳይጠይቅ አያልፍም። ከብት ስለሌለኝ ስለ ዶሮዎቼ እመልስለታለሁ። አንድ የሰኔ ጠዋት በመስኮት ብመለከት ተንበርክኮ አፈር ያለሰልሳል። አጠገቡ ቅጠሏ ቀላ ያለ አንዲት ቀጭን ችግኝ አለች።

"ምንድን ናት?" አልኩት።

"ማንጎ ናት።"

እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ማንጎ የማውቀው ጉልት ላይ ተደርድሮ እንጂ ከመሬት ላይ ቆሞ አይደለም። ሳያት ከጎመን አትበልጥም፤ ይትከላት ብዬ ተውኩት።

በዚያው ክረምት አባቴ አረፈ። እናቴ አገር ቤት ብቻዋን ቀረች፤ ያለ እኔ ልጅ የላትም። ለእኔና ለባለቤቴ ደግሞ እግዜር ልጅ አልሰጠንም፤ ቤታችንም አንድ መኝታና አንድ ሳሎን ብቻ ናት። ለእናቴ የምትሆን ቦታ ብትኖር የተሲሳ ቤት ናት። ግን ከብቶቼን እንኳ ሳይቀር የሚጠይቀኝን ሰው "ልቀቅልኝ" እንዴት እላለሁ? ስለዚህ እንደ ደንቡ ሽማግሌ ላክሁ፤ የጨለለቂ ሰፈሩን ኦቦ ጉርሜሳን ከሁለት ጎረቤቶች ጋር።

ገብተው ቆዩ። ሲመለሱ ኦቦ ጉርሜሳ ጢሙን እያሻሸ፣ "ይወጣል፤ ክፉ ቃል አልተናገረም። አንድ ነገር ብቻ ለመነ፣ እኛም ተገቢ ነው ብለናል። ሰው የተከለውን ሳይቀምስ ከደጅ አይባረርም። የማንጎዋን ፍሬ ይቅመስና ይውጣ" አለኝ።

በልቤ አሰላሁ። ጎመን በሁለት ወር ይደርሳል፣ በቆሎ በአምስት። ማንጎ ቢኮራ ቢኮራ እስከ ፋሲካ ነው! እናቴም እስከ ፋሲካ አገሯ ትቆያለች። "ፍሬዋን ሳይቀምስ ባስወጣው እግዜር ይፍረድብኝ!" ብዬ በሦስት ሽማግሌ ፊት ማልኩ። ኦቦ ጉርሜሳ ተነሥቶ መረቀኝ። ምርቃቱ ረዘመ፤ አሁን ሳስበው አብዝቶ የመረቀኝ ዕድሜ ነበር።

ስሸኘው፣ "ለመሆኑ መቼ ታፈራለች?" አልኩት።

"አፈሩ ከተስማማት በስድስት፣ በሰባት ዓመት" አለኝ።

ወይ ጉዴ! የሰው ውል ሳርም የምውል ጸሐፊ በገዛ ደጄ ታሰርኩ። በሬ በቀንዱ፣ ሰው በአንደበቱ ይያዛል ማለት ይኸው ነው።

እናቴ መጣች። ሳሎኑን በአንሶላ ከፍዬ አልጋዋን ከጀርባው ዘረጋሁላት። "ደልቶኛል፣ ልጄ" ትላለች። እንግዳ ሲመጣ ግን ሳሏን በነጠላዋ አፍና ስትቀመጥ አያለሁ። ጠዋት ጠዋት ማንጎዋ ዘንድ ሄጄ "ኧረ አፍሪ!" እላት ነበር።

እሷ መች ሰምታኝ፤ ቀስ ብላ ጥላ አበጀች። እናቴም ከአንሶላው ጀርባ ወጥታ ጥላው ሥር ተቀመጠች። ኦሮምኛ አንዲት ቃል አታውቅም፤ የጫልቱም አማርኛ ቀዳዳው ብዙ ነው። ሆኖም ገበያ አብረው ይወርዳሉ፣ አብረው ምስር ይለቅማሉ። ልጆቹ "አኮ" ይሏታል፣ አያቴ ማለታቸው ነው፤ ከእኔ ያላገኘችውን ስም ከተከራዬ አገኘችው። አንዳንድ የሐምሌ ቀን ከሥራ ስመለስ ጉሙ ወርዶ ዛፏንም እናቴንም ሸፍኗቸው፣ ከውስጡ በሁለት ቋንቋ የሚሳቅ ሳቅ ብቻ ይሰማኛል። በሕልሜ ይሁን በእውኔ ሳይለይልኝ እዚያው ቆሜ እቀራለሁ።

ስድስተኛው ዓመት አለፈ፤ ሰባተኛውም። ተሲሳ መሬት መሬቱን እያየ "ዘንድሮም አልሆነላትም፣ ኦቦ" ይለኛል።

በስምንተኛው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ እነ ተሲሳ ዘመድ ጥየቃ ጉቴ ሄደው ሳለ ዛፏ ሥር ቆሜ ቀና አልኩ። ከቅጠሉ መሐል እንቁላል የምታህል አረንጓዴ ፍሬ! ስምንት ዓመት የጠበቅኋት! ልጮህ አፌን ከፈትኩና የግቢው ጭርታ ተሰማኝ። የጫልቱ ሙቀጫ ዝም ብሏል። የልጆቹ ድምፅ የለም። ደስታዬ ወዴት እንደገባ እንጃ፤ ፈራሁ። እጄን ሰድጄ ቀጠፍኳት።

ከግንዱ ጀርባ ልቀብራት ዶማ አምጥቼ ቆፈርኩ። ስንዝር ሳልወርድ ጨርቅ አወጣሁ። የእናቴ ነጠላ ቅዳጅ ነው፤ ጥለቱን አውቀዋለሁ። ስፈታው ሦስት የተጨማደዱ ማንጎዎች፣ የአምና ፍሬ!

ዞር ስል እናቴ ቆማለች።

"ጠለቅ አድርገህ ቅበራት" አለችኝ። "የካቻምናውን ፍሬ ዶሮህ ጭራ አውጥታ ተሲሳ አይቶብኝ ነበር።"

"አይቶ ምን አለ?"

"ምን ይላል! መልሶ ቀበረው።"

እንግዲህ ቤት የምታከራዩ ሁሉ፣ ተከራያችሁ ችግኝ ይዞ ሲንበረከክ ካያችሁ ቶሎ ብላችሁ አስጥሉት። ካመለጣችሁ ግን ዶማችሁን ሳሉ፤ ዶሮም አታርቡ።