ደሳለኝ ሬዲዮ ላይ የወጣ ዕለት

ኔትወርክ ሲጠፋ የገንዳ ውሃ ከተማ ሰው ምን እንደሚያደርግ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ስልኩን ያራግፋል፤ ጠጠር እንደገባበት ጫማ። ቀጥሎ አጥፍቶ ያበራዋል። ከዚያ ከፍ ያለ ቦታ ይፈልጋል። የቆመ አይሱዙ ጭነት ላይ ወጥቶ እጁን ወደ ሰማይ የዘረጋ ትልቅ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ይኼ ሁሉ አልሆን ሲለው ስልኩን ኪሱ ይከትና ዞር ብሎ፣ "ውይ፣ እዚህ ነበራችሁ እንዴ?" ይላችኋል። ለካ ዓመቱን ሙሉ ጎረቤቱ ነበራችሁ።

እኔ ጆንያ ሻጭ ነኝ። ጆንያ ኔትወርክ አይፈልግም። ሰሊጥ ግን ይፈልጋል፤ ሰሊጥ ከሌለ ጆንያዬን ማን ይገዛኛል? ስለዚህ በማወራችሁ ነገር ውስጥ ጥቅም የለኝም ብዬ አልዋሻችሁም።

ነገሩ የእህቴ ባል፣ የደሳለኝ ነው። ደሳለኝ ጎበዝ ገበሬ ነው፤ ይኼን የሚክድ የለም። ጉዱ ስልክ መውደዱ ነው። አምና ሰው ሁሉ ሰሊጡን ሸጦ ቆርቆሮ ሲገዛ፣ ደፈር ያለው ባጃጅ ሲገዛ፣ እሱ ክሪፕቶ ገዛ። ምንድን ነው ስንለው በኮምፒውተር ውስጥ ያለ ገንዘብ ነው አለን። የት ነው የሚቀመጠው? የትም። ባለቤቱ ማነው? ማንም። ታዲያ ማንን አምነህ ነው? ይኼን ስጠይቀው ዓይኑ በራ። ዋናው ነገር እሱ ነው አለኝ፤ በዚህ ገንዘብ ማንንም ማመን አያስፈልግም። ባንክ የለ፣ ደላላ የለ፣ አማች የለ። "አማች" ሲል እኔን አየኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።

እንግዲህ መስከረም ሊያልቅ ሲል ኔትወርኩ ድርግም አለ። ባንኩም አብሮ ድርግም። ሰሊጥ ደግሞ ጠባዩን ታውቁት የለ? አይጠብቅም። ደረስኩ ካለ ደረሰ ነው። በጊዜ ታጭዶ ነዶው ካልቆመ ፍሬ ያቀፈው ቆባ ይከፈትና ያ ሁሉ የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይረግፋል። ከመሬት ላይ ሰሊጥ የለቀመ ሰው እስካሁን አላየሁም።

የሚያጭዱት ደግሞ ከደጋ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ናቸው። እኛ ሳሉግ እንላቸዋለን። የዚያን ሰሞን እነሱም ጥሬ ብር ያለው ጋ ሄዱ፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ደሳለኝ ብሩ ያለው ስልኩ ውስጥ ነው። ይታያል፣ አይወጣም። መስኮት ውስጥ እንዳለ የሱቅ ዳቦ። ስልኩን ከፍቶ ለአንድ የሳሉግ አለቃ ሲያሳየው ሰውዬው አክብሮ አየለትና፣ "ይባረክልህ" ብሎት ሄደ።

አንድ ቀን ልጠይቃቸው ወደ ማሳው ወረድኩ። እህቴ የሺ ከባሏ ጋር ማጭድ ይዛ ጎንበስ ብላለች። ማሳው እስከ ዳገቱ ድረስ ነው፤ ሰው ሁለት ነው። በጨበጠችው ቁጥር ፍሬው እግሯ ሥር ይንጠባጠባል። የሺ ከልጅነቷ ጀምሮ ሳቂታ ናት፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሳቋን የምትውጠው በነጠላዋ ነው። የዚያን ቀን ቀና ብላ አየችኝና ሳትስቅ ወደ ማጨዷ ተመለሰች። አንጀቴን በላችው። በደሳለኝ መቀለድ ያን ጊዜ አስጠላኝ።

ማታ ላይ ደሳለኝ መላ አለኝ አለ። ገንዘቡን በሬዲዮ መላክ ይቻላል። በምን? በሬዲዮ። በፈረንጅ አገር ይህን የሚያደርጉ ሰዎች እንዳሉ ኔትወርክ በነበረ ጊዜ አንብቧል። ስልኩ የክፍያውን ትእዛዝ ያለ ኔትወርክ ብቻውን ይፈርመዋል። ትእዛዙ ረጅም የቁጥርና የፊደል ሰልፍ ሆኖ ይወጣል። ያንን ሰልፍ ኔትወርክ ያለበት ቦታ የተቀመጠ ሰው አንድ ሳይሳሳት ኮምፒውተር ላይ ከጻፈው፣ አለቀ፤ ተከፈለ። ጎንደር ከተማ ኔትወርክ አለ። እዚያ ያለ ወዳጁም ክፍያው እንደደረሰው ሠራተኛና ዱቄት በአይሱዙ ጭኖ ይልክለታል፤ ኔትወርክ ሳይጠፋ ተነጋግረዋል። እኔም፣ ሰው ሁሉ ይሰማሃል እኮ፣ ቢሰርቁህስ? አልኩት። ሳቀብኝ።

"ይስሙ! የተፈረመ ነው። ሰምተው ምንም ሊያደርጉበት አይችሉም።"

ይህችን ንግግር ያዙልኝ።

ሬዲዮው ያለው አያ ታደገ ጋ ነው። አያ ታደገ የአንድ ትልቅ እርሻ ካምፕ ኃላፊ ናቸው። በጉብዝናቸው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሠርተዋል፤ እስከ ዛሬ ደስ ሲላቸው ጥሩ ነው ለማለት በዓረብኛ ታማም ይላሉ። ሬዲዮው ሞባይል እዚህ አገር ሳይደርስ የመጣ ነው። በትራክተር ባትሪ ይሠራል። ጠዋት ጠዋት በየቆላው ያሉ ካምፖች ሁሉ ጎንደር ካለው ቢሮ ጋር በእሱ ይገናኛሉ። የካምፑ ሥራ ያልሆነ ነገር አይወራበትም፤ ደንብ ነው። አያ ታደገ ጉዳያችንን ሰምተው ጥቂት አሰቡና፣ ሰሊጥ ነው ወይስ ሌላ? አሉ። ሰሊጥ ነው አልናቸው። "ሰሊጥ ከሆነ ታማም። ግን ባትሪው ደክሟል። ለትራክተሩም ናፍታ የለኝ፣ አልሞላው። ቶሎ በሉ።"

ደሳለኝ ቶሎ ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር። ማይኩን ያዘ፣ ስልኩን ፊቱ አስቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጎንደር፣ ጎንደር፣ ቁጥር ልሰጥ ነው፣ ኦቨር።"

በሬዲዮ ኦቨር ማለት ጨረስኩ፣ ተራው ያንተ ነው ማለት ነው። ቆይቶ ከቢሮው ሬዲዮ የማይለዩት የወይዘሮ ጥሩወርቅ ድምፅ መጣ።

"ማነህ አንተ? ሰው እንዴት አደርሽ አይባልም? ኦቨር።"

አያ ታደገ በእፍረት ራሳቸውን ያዙ። እንግዳ ይዘው ገብተው እንግዳው ሰላምታ ሳይሰጥ! ደሳለኝ እንዴት አደሩ አለ። ወይዘሮዋም እግዚአብሔር ይመስገን ብለው የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁ። የአባቱን ስም ሲሰሙ፣ እንዴ፣ እናውቃቸው የለም እንዴ! እናትህስ? ከብቱስ? ዝናቡስ ወጣላችሁ? እሱ ሲመልስ ሳንጃ በኩል ያለው ካምፕ ገባ፤ እኛስ ሰው አይደለንም ወይ፣ ኦቨር። ለእነሱም እንዴት አደራችሁ። ቀጥሎ ሌላው። ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን መዝለል እንዴት ይቻላል? እኔ የባትሪውን መብራት አያለሁ፤ መብራቱ እኔን ያያል። እየደበዘዘ ነው።

በመጨረሻ ገለጉ በኩል ያሉት የካምፕ ጠባቂ፣ አባ ውቤ ገቡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት።

"ድምፅህ ደህና አይደለም፣ ልጄ። ምን ሆነሃል? ኦቨር።"

ደሳለኝ ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ። እኔ ደህና ነኝ ይላል ብዬ ስጠብቅ ያ ማንንም ማመን አያስፈልግም ባይ ሰው ሁሉንም ዘረገፈው። ሰሊጡ እየረገፈ መሆኑን፣ ሠራተኛ ማጣቱን፣ ገንዘቡ ስልክ ውስጥ መቅረቱን፣ ሚስቱ እጇ እስኪላጥ እያጨደች መሆኗን። ድምፁ ተሰበረ።

"በል እንግዲህ ቁጥርህን ንገራት" አሉ አባ ውቤ። "እናንተም ዝም በሉ፣ ልጁ ያንብብ፣ ኦቨር።"

አነበበ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ እየደገሙ ይጽፋሉ። በየካምፑ ያለ ሰው ሁሉ፣ ሳሉጉም ሳይቀር፣ ያዳምጣል። ወደ ግማሹ ተጠጋን። "ዘጠኝ፣ ዜሮ፣ ሰባት" አለ ደሳለኝ። ሬዲዮው ድው ብሎ ጠፋ።

"ጨረሰ እንዴ?" አሉ አያ ታደገ።

ባትሪው ነው የጨረሰው አልኳቸው። ደሳለኝ ማይኩን እንደያዘ፣ ሰላምታው በላው፣ ሰላምታው በላው ይላል። የጎደለ ትእዛዝ ደግሞ እንዳልተላከ ነው፤ ግማሽ ክፍያ የሚባል ነገር የለም። አያ ታደገ ግን ከፋቸው። "ሰላምታ የማይችል ገንዘብ ምን ገንዘብ ይባላል?" ብለው ባትሪውን ሊያወጡ ሄዱ።

ለየሺ ምን ብለን እንደምንነግራት እየተጨነቅን ተመለስን። አልጠየቀችንም። ፊታችንን አይታ ገባት።

በማግስቱ ጠዋት ማሳው ዳር ስደርስ የሰው ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ለቅሶ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሳሉጎች ናቸው። ከየአቅራቢያው ካምፕ፣ ገሚሱ በእግር፣ ገሚሱ ትራክተር በሚጎትተው ጋሪ ላይ ተጭኖ፣ ማጭዱን ትከሻው ላይ አድርጎ መጥቷል። የየካምፑ ኃላፊዎች ሥራቸውን ለጊዜው አቁመው ነው የላኳቸው። ከፊት ያለው ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው ነው። ደሳለኝ ሮጦ ሄደና ጥሬ ብር እንደሌለው፣ ሰሊጡ ሲሸጥ እንደሚከፍል፣ ከፈለጉም ሽማግሌ ፊት እንደሚፈርም ነገረው። ሰይድ ማጭዱን ከትከሻው አወረደ።

"አብሽር፣ ወንድሜ። የምን ፊርማ? ድምፅህን ሰምተን የለ።"

ከዚያማ ምን ልበላችሁ? ዘፈኑ፣ ሸለላው፣ ሩጫው! ነዶው ታስሮ ቆመ። ነፋሱም ጥቂት ወሰደ፣ ወፍም ድርሻዋን አነሳች፤ የቀረው ግን ጆንያ ሞላ። የማን ጆንያ? አትጠይቁኝ። ለዘመድ ቅናሽ አድርጌያለሁ።

ሰሊጡ ሲሸጥ ደሳለኝ ለሰዎቹ በደንብ አድርጎ ከፈለ። ኔትወርክ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ክሪፕቶውን ሸጦ መጀመሪያ የገዛው ነገር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ለአያ ታደገ ሬዲዮ አዲስ ባትሪ። ትልቅ ነው። አሁን የጠዋቱ ሰላምታ የበግ የፍየሉን ጤና ሳይቀር ይጠይቃል። አባ ውቤም ደሳለኝ ሬዲዮው ጋ ብቅ ባለ ቁጥር፣ "ከሰባት ቀጥሎ ምን ነበር? እንቅልፍ ነሳኸን እኮ፣ ኦቨር" ይሉታል።

ደሳለኝ ግን ከጉራው አልተመለሰም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ደረቱን ነፍቶ፣ "እኔ ሰሊጤን ያሳጨድኩት በክሪፕቶ ነው" ይላል። አንድ ቀን ውሸታም ልለው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አሰብኩት። እውነቱን ነው እኮ! ያን ቁጥር አነባለሁ ባይል ማን ይሰማው ነበር? ወደ የሺ ዞርኩ፤ አንቺ ፍረጂ ልላት። የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በሳቅ ትንፈቀፈቃለች።