በመቋሚያ የቆመ እንግሊዝኛ

ሰው የሚናገረው በአፉ ነው ያለው ማነው? ማንም ይሁን፣ ጎንደርን አያውቃትም። እዚህ አገር «አላውቅም» ለማለት አፉን የሚከፍት ሰው ትርፍ ጉልበት ያለው ነው፤ ሌላው ትከሻውን ከፍ አድርጎ ይመልሰዋል፣ ነገሩ አለቀ። የማክሰኝት ገበያ በግ ሻጭ ዋጋህ ካላማረው በአገጩ ብቻ ያሰናብትሃል። ታዲያ ይህ በአካሉ የሚናገር ሕዝብ እንግሊዝኛ ክፍል ሲገባ እጁን አጣምሮ፣ ለጉርድ ፎቶ እንደቀረበ ሰው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ ምላሱ ምነው ተሳሰረ ብለን እንገረማለን።

እኔ አልገረምም። የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ፤ ተማሪዎቼን አስነሥቼ ነው የማስተምረው። አማርኛችን የድምፁን ጉልበት ለቃሉ ክፍሎች ሁሉ እኩል ያካፍላል። እንግሊዝኛ ግን አድሎኛ ነው፤ አንዱን ያጠግባል፣ ሌሎቹን ያስርባል። የትኛው እንደጠገበ ካላወቅህ፣ ቃሉን አንተ ብታውቀውም ፈረንጁ አያውቅልህም። ስለዚህ የጠገበው ላይ ስንደርስ ትከሻ እንሰብቃለን፣ የተራበው ላይ ጉልበት እናጥፋለን። ባልደረቦቼ በመስኮት እያዩ «የባህል ቡድኑ ትርኢት ዛሬ በነፃ ነው?» ይሉኛል። ይበሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ወረቀት አይደለሁም።

ይህ ግትርነቴ የተፈተነው በመሪጌታ ላቀው ነው። መሪጌታ የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ሰው፣ በልጅነቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ናቸው። አንድ ቀን ቤቴ ድረስ መጡና እንግሊዝኛ አስተምረኝ አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ አስጎብኚ እንግዶች ይዞ ቅጥሩ ውስጥ ሲዞር የመሪጌታን መቋሚያ እያሳየ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አስረዳ። ያለውን አልሰሙትም፤ ግን ወገቡን ይዞ ሲያነክስ አዩት። መቋሚያ እኮ ማሕሌት ላይ ተደግፈውት የሚቆሙት፣ በዜማው እያነሡ እየጣሉ የሚዘምሙበት ዘንግ ነው። ያ ሰውዬ የአንካሳ ምርኩዝ አደረገው። «ዕድሜ ልኬን የቆምሁበትን ምርኩዝ ብሎ ሲሸኛቸው፣ እኔ አፌን ይዤ ቀረሁ» አሉኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ራሳቸው የአስጎብኚነት ፈቃድ አውጥተው፣ ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ እውነቱን ሊናገሩ ቆርጠዋል። ፈቃዱ የሚገኘው ደግሞ በእንግሊዝኛ የቃል ፈተና ነው፤ የወደቀ እስከ መጪው ዓመት ይጠብቃል። በሳቸው ዕድሜ መጪው ዓመት ሩቅ ነው።

ጀመርን። ቃል ማጥናቱ ለሳቸው ምንም አይደለም፤ ድጓን የሚያህል መጽሐፍ በቃላቸው ይዘዋል። አነጋገሩ ግን እምቢ አለ። «ኢምፖርታንት» ስላቸው ሦስቱንም ክፍል እኩል መግበው ይመልሱልኛል። ትከሻ ይስበቁ ብላቸው «ምነው ልጄ፣ በስተርጅና እስክስታ ልታስወርደኝ ነው?» ብለው ተቆጡ። አስጨበጨብኋቸው፤ እጃቸው ከአፋቸው ጋር ተጣላ። ላስቲክ እየሳቡ እንዲናገሩ አስያዝኋቸው፤ ተበጠሰና አፍንጫዬን መታኝ። እኔም ሌሊት ሌሊት ሳስበው ይከብደኝ ነበር፤ ግን እሳቸው ሳይተዉ እኔ ልተወው? አንድ ከሰዓት በኋላ በሩን የተደገፈውን መቋሚያ አየሁና፣ እስቲ የኔታ፣ ይዘምሙት አልኋቸው።

ተነሡ። «ኢም» ላይ መቋሚያው ዝቅ አለ፣ «ፖር» ላይ ከፍ፣ «ታንት» ላይ ወደ ጎን ዘመም። ቃሉ ለንደን የከረመ መስሎ ወጣ።  «ለካ ይህም ዜማ ነው፤ ምነው እስከ ዛሬ መደበቅህ?» አሉና ደብተራቸውን ገልጠው፣ በየእንግሊዝኛው ቃል አናት ላይ ድምፅ የሚነሣበትንና የሚወድቅበትን የዜማ ምልክት መጻፍ ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ ትምህርቱ ሸጋ ሆነ። የጎረቤቴ ልጆች ቤቴ ማሕሌት የተጀመረ መስሏቸው ጫማቸውን አውልቀው ይገቡ ነበር።

የፈተናው ዕለት ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ፈተናው የሚሰጥበት ቢሮ ደረስን። በሩ ላይ ጥበቃው እጁን ዘረጋ። ዱላ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ከገጠር ለጉዳይ የሚመጣ ሁሉ ዱላውን እዚያ ጥሎ ነው የሚገባው፤ ይህን የማያውቅ የጎንደር ሰው የለም፣ ከእኔ በቀር። ዱላ ሳይሆን መቋሚያ ነው አልሁት። መቋሚያ ከሆነ እዚህ ይቁም አለኝ። የእሳቸው እንግሊዝኛ እኮ መቋሚያው ላይ ነው ያለው ብዬ ብነግረው፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና መለስ ብሎ ሌላ ሰው መፈተሽ ጀመረ። የኔታ ባዶ እጃቸውን ገቡ።

ቢሮው ምድር ቤት ነው፣ መስኮቱም ክፍት። ዞሬ ሄጄ አጮለቅሁ። ፈታኞቹ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተዋል፤ የኔታ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ስለ ቤተ ክርስቲያንዎ አንድ ነገር ይንገሩን ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቋቸው።  ደግመው ጠየቋቸው። የኔታ ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ የሌለ ነገር ይፈልጋል።  ያን ሁሉ ወር የለፉት ለዚህ ነው? ሮጬ ተመለስሁ፣ ጥበቃው ዞር ሲልልኝ መቋሚያውን ከዱላው ክምር መዘዝሁና መስኮቱ ሥር ቆሜ መዘመም ጀመርሁ።

አዩኝ። አፋቸው ተከፈተ። እኔ ሳነሣ እያነሡ፣ ሳወርድ እያወረዱ፣ መቋሚያ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚይዘው፣ ለምንስ እንደሚዘመም አንድ በአንድ ተረኩት። የጠገበው ጠግቦ፣ የተራበው ተርቦ። እኔም በደስታ ራሴን ረስቼ ስወዛወዝ ጥበቃው ከኋላዬ አንገትጌዬን ጨመደደው። «ጠበል ሳይወስዱህ ነው ከቤት የለቀቁህ?» አለኝ። በግርግሩ ፈታኞቹ ዞሩ። አንዱ ወደ እኔ እየጠቆመ፣ ይህን ሰው ያውቁታል ወይ ብሎ የኔታን በእንግሊዝኛ ጠየቃቸው።

መቋሚያው ጥበቃው እጅ ነው። እኔም አንገቴ ተይዟል፣ መንቀሳቀስ አልችልም። የኔታ ትንሽ አሰቡ።

«አይ ዶንት ኖው ሂም» አሉ። ያለ መቋሚያ። ትከሻቸው እንኳ ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ጥርት ያለ አነጋገር ከአንድም ተማሪዬ ሰምቼ አላውቅም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማለፋቸው ተነግሯቸው ወጡ። እኔ በጥበቃው ቤት ደጃፍ፣ ከዱላዎቹ ጎን፣ ተቀምጬ ነበር። ምነው የኔታ፣ እንዲህ ይካዱኝ አልኋቸው። መቋሚያቸውን ከክምሩ መርጠው አነሡ፣ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ጴጥሮስም ክዶ ነበር» አሉኝ፤ «ቁልፉን ግን አልተቀማም።»