ለሁለት የሚፈርም እጅ

በየቤታችን አንድ ፈራሚ አለ። ሌላው ይሠራል፣ ይበላል፣ ይከራከራል፤ ፊርማ ሲመጣ ግን ሁሉም ዞር ብሎ እሱን ያያል። በእኛ ቤት ይህን የተከበረ ሥልጣን የያዙት የባለቤቴ አባት ጋሽ ደጀኔ ናቸው። የአፓርታማ ውል፣ የሐኪም ቤት ፎርም፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ ምን ቀረ? ለሚስታቸው ለእትዬ ሙሉም የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። አንቺ አትድከሚ ይሏቸዋል።

ባልና ሚስቱ የአሜሪካ ዜግነት ካገኙ በኋላ የመጀመሪያው ምርጫ ደረሰ። የምንኖርባት የኮሎራዶ ግዛት ደግሞ፣ መቼም አያልቅባትም፣ የምርጫ ወረቀቱን በፖስታ እስከ ቤት ድረስ ትልካለች። ቻምበርስ ሮድ ላይ ወዳለው አፓርታማችን ለእትዬ ሙሉ ብቻ የተላከ ፖስታ ሲመጣ፣ ስማቸውን ደጋግመው አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን ይዘው መኝታ ቤት ገቡና በሩን ዘጉ። እራት እስኪቀዘቅዝ አልወጡም። ሲወጡ ፖስታው ታሽጓል።

ጋሽ ደጀኔስ? እስክሪብቶ መዘዙና የራሳቸው ፖስታ ጀርባ ላይ፣ መራጩ በሚፈርምበት ቦታ ፈረሙ፤ በዚያው የሚስታቸውም ላይ ደገሙ። እኔ የት ነበርኩ? ሳህን እያጠብኩ። ወስጄ የምርጫ ሳጥኑ ውስጥ የከተትኩትም እኔው ነኝ።

ከቀናት በኋላ ለእትዬ ሙሉ ከምርጫ ቢሮው ደብዳቤ መጣ። ፖስታው ላይ ያለው ፊርማ እኛ ዘንድ ካለው የመታወቂያ ፊርማዎ ጋር አይመሳሰልም፤ ድምፁን የላኩት እርስዎ ከሆኑ ፈርመው ከመታወቂያ ኮፒ ጋር ይላኩልን፣ አለዚያ አይቆጠርም ይላል።

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እስቲ አስቡት። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድ የማያውቃቸው ሰው ቁጭ ብሎ፣ ይህ የእትዬ ሙሉ እጅ አይደለም አለ። አብረናቸው የምንኖረው እኛ እኮ ፊርማ እንዳላቸውም አናውቅም ነበር።

ጋሽ ደጀኔ መጀመሪያ ተቆጡ። ዕድሜ ልካቸውን ለሚስታቸው ሲፈርሙ ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ባልና ሚስትን ለመለየት ማን ሾማቸው? ቀጥለው ግን ድምጿ ሊቀር ነው ወይ ብለው በፍርሃት ጠየቁኝ።

እትዬ ሙሉ እስክሪብቶውን ከባላቸው ተቀበሉና ጎንበስ ብለው ስማቸውን በአማርኛ ጻፉ፤ ጥርት ያለ፣ የሚያምር የእጅ ጽሑፍ። መታወቂያቸውን ፎቶ አንስቼ አያይዤ ላክሁት።

ድምፅዎ ተቆጥሯል የሚል መልእክት ስልካቸው ላይ ሲገባ፣ አልደብቃችሁም፣ እንባዬ መጣ። ጋሽ ደጀኔ ግን፣ ለመሆኑ ማንን መረጥሽ ብለው በለስላሳው ጠየቁ።

«ውይ» አሉ እትዬ ሙሉ፣ «ሳታውቅ ነው እንዴ የፈረምክልኝ?»