ክቡር ሊቀ ጫማ

ፋብሪካ ባለበት ከተማ ሁሉ እንዲህ ያለ ጡረተኛ አይጠፋም፤ ሰው ሲያገኝ ዓይኑ ፊት ላይ ሳይሆን እግር ላይ ያርፋል። የኛ ሰፈሩ ዕድሜያቸውን በጎሽ ጫማ ፋብሪካ የጨረሱ ናቸው። በሌሉበት «ክቡር ሊቀ ጫማ» እንላቸዋለን፤ ፊት ለፊት ግን ጋሼ ነው።

«ደህና አደሩ?» ያላቸው ሰው አለቀለት። ጎንበስ ብለው ጫማውን ያዩና፣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? በማስቲሽ የተለጠፈ ካርቶን!» ይላሉ። ከዚያ የጎሽ ታሪክ ይቀጥላል፤ መሥራቹ በኪራይ ክፍል ውስጥ በአንዲት የስፌት መኪና እንዴት እንደጀመረ፣ ጎርፍ የወሰዳቸው ጫማዎች ከወንዝ ተለቅመው፣ ደርቀው እንዴት እንደተሸጡ፣ አገር ምድሩ በጎሽ እንደተዳረ፣ በጎሽ እንደተቀበረ። መደምደሚያው ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ጎሽ ይሸመግላል እንጂ አይቀደድም!»

ቦታ አይመርጡም። ለቅሶ ቤት የሟችን ልጅ ጠጋ ብለው፣ «አባትህ ጠንካራ ሰው ነበር፤ አንዱን ጎሽ ስንት ክረምት አደረገው መሰለህ!» አሉት። ልጁ ሳቅና ልቅሶ ተደባለቀበት። እኔማ ከሩቅ ሳያቸው መንገድ እቀይር ነበር።

ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል። ስሙን ግን አንድ ነጋዴ ገዝቶት ኖሮ፣ አምና ጎሽ እንደገና ሱቅ ገባ። ያው ቀንዳም ምልክት፣ ያው ቡናማ ሳጥን። ልጃቸው አባቴን ደስ ይበለው ብላ ገዛችላቸው። ክቡርነታቸው አዲሱን ጫማ ተጫምተው ሰፈሩን ዞሩት። ያን ቀን የማንንም እግር አላዩም፤ የእሳቸው እንዲታይላቸው ቆም ቆም ይሉ ነበር።

ክረምቱ እንደገባ አውቶብስ ፌርማታ ላይ አገኘኋቸው። የቀኝ ጫማቸው ሶል ተገንጥሎ ወድቋል፤ ካልሲያቸው ጭቃ ጠጥቷል። ሶሉን በእጃቸው ያገላብጡታል።

«ክር የለውም» አሉኝ ቀስ ብለው። «አንድም ክር የለውም።»

«ታዲያ ልጅዎ ትመልሰዋ፣ ጋሼ።»

«እንዳትነግራት! ስትሰጠኝ እንዴት ደስ ብሏት እንደነበር አላየህም።»

ከዚያ ወዲያ ታሪኩ ቀረ። እግራችንን ማየት ተዉ። ሰላም ስንላቸው «ይመስገን» ብለው ያልፋሉ። ተገላገልን ያልነው ሰዎች፣ «ሰውዬው አሟቸው ይሆን እንዴ?» መባባል ጀመርን። ሰፈሩ ጭር አለ።

ባለፈው ቅዳሜ አላስቻለኝም፤ ቤታቸው ሄድኩ። መስኮቱ ሥር ባዶ እግራቸውን ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ጎሽ ሥራ እንዴት ነበር የጀመሩት?»

«ምን ያደርግልሃል?» አሉ። ግን ወዲያው ከዚህ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን አወሩኝ።

«እኔ ሶል ክፍል ነበርኩ። የላይኛው ቆዳ ከስፌት ክፍል ተሰፍቶ ነው የሚመጣልን። የአንዷ ስፌት መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ጠበቅ ይላል፤ የምትቸኩል ሳይሆን የምትጠነቀቅ ሰው እጅ ነው። ፊቷን ሳላይ ስፌቷን ለየሁት። ይቺ ማን ናት ብዬ ለመጠየቅ ግን ወኔ አጣሁ። የልጄ እናት ናት፤ ነፍሷን ይማረውና።»

«ከዚያስ?» አልኩ ወንበሬን ጠጋ አድርጌ።

«አትቸኩልም?»

«ኧረ አልቸኩልም።»

ሚስቴ ዳቦ ግዛ ብላ ነበር የላከችኝ። ዳቦ ቤቱ ሲዘጋ እኔ ገና ከጋሼ ጋር ስፌት ክፍሉ በር ላይ ቆሜ፣ ይግቡ አይግቡ እያልኩ ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር።