ከአቶ አሰግድ የሥራ ታሪክ የጎደሉት ሁለት ዓመታት

በየከተማው ቋሚ ሥራ የሌለው፣ የሥራ ታሪክ ግን የተትረፈረፈው አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው የአሰላው ክቡር አቶ አሰግድ ናቸው። "የግል የማስታወቂያ አማካሪ" የሚለውን ማዕረግ የሰጡት ራሳቸው ለራሳቸው ነው። ቢሮ የላቸውም። በገበያ ቀን ነጋዴው ደጃፍ ቆመው ስለ ዕቃው በአማርኛም በኦሮምኛም ይለፍፋሉ፤ ሲጨርሱ ሳይጠየቁ ይመክራሉ።

ምክራቸው ሁልጊዜ "እኔ በሥራዬ ዘመን" ብሎ ይጀምራል። በሥራቸው ዘመን የአውቶቡስ ተሳፋሪ ጠርተዋል፣ በፍርድ ቤት አስተርጉመዋል፣ አርቦዬ ከተማ ላይ ለአንድ ጨርቅ ሻጭ ሰሌዳ ጽፈው በሦስት ቀን ሀብታም አድርገውታል። ሰውየውን አይቼዋለሁ፤ ሀብታም የሚመስለው ሰሌዳው ብቻ ነው። ጨው ሻጯ ፋጡ፣ ጨውን የማያውቅ ማን አለና ነው የሚለፈፍልኝ ብትላቸው፣ ችግሩ እሱ ነው፣ ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም አያየውም እያሉ ግማሽ ቀን ራሷን አዞሯት። ሰው ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል። እኔም እቀይር ነበር፤ በሌላ ምክንያት።

ታሪካቸው ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ስድስት ዓ.ም. ላይ ይቆምና ከአርባ ስምንት ይቀጥላል። በነዚያ ሁለት ዓመታት እኔ ጸሐፊ በሆንኩበት መሥሪያ ቤት አዋጅ ነጋሪ ነበሩ። አንድ ቀን፣ መሬቱን በሠላሳ ቀን ያላስመዘገበ መሬቱ ለሌላ ይሰጣል የሚል ማስታወቂያ ገበያ ላይ እንዲያነቡ ታዘዙ። በአማርኛ ብቻ። ገበሬው ሳይገባው ቀኑ ቢያልፍ መሬቱን የሚወስዱት ሰዎች አስቀድመው ተዘጋጅተዋል። አሰግድ በአማርኛ አነበቡ፣ ወረቀቱን አጠፉና ሁሉንም እንደገና በኦሮምኛ ለፈፉ። በማግስቱ ደጃችን በገበሬ ተጥለቀለቀ። በሳምንቱ "ትእዛዝ በመተላለፍ" ተባረሩ። የስንብት ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ጽሕፈቴን አሳምሬ።

ባለፈው ሐሙስ ትልቁ የእህል ነጋዴ ሁሴኖ ቋሚ ለፋፊ ፈልጎ አሰግድን ያነጋግር ጀመር። ስድሳ ዓመት ለሞላው ሰው እንዲህ ያለ ዕድል ሁለተኛ አይመጣም። እኔ ስንዴ ልገዛ ገብቼ ቆሜያለሁ።

"ከአርባ ስድስት እስከ አርባ ስምንትስ የት ነበሩ?" አላቸው።

አሰግድ አየት አደረጉኝ። "ታምሜ ነበር" አሉ።

ሁሴኖ ፊቱ ቀዘቀዘ። በሽተኛ ሰው ደጃፌ ቆሞ ሊጮህልኝ አይችልም፣ ሌላ ሰው ልፈልግ አለ። ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። ስድስት ዓመት ዝም ብያለሁ፤ ዝምታው አንገፈገፈኝ።

"አልታመሙም" አልኩ። "የመሬቱን ማስታወቂያ በኦሮምኛ ስለለፈፉ ተባረው ነው። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ሁሴኖ በእጁ የያዘውን መስፈሪያ አስቀመጠ። "ያን ቀን አባቴ ገበያው ውስጥ ነበር" አለ። "የኦጎልቾው መሬታችን ዛሬም በእጃችን ነው። ሰኞ ሥራ ይጀምሩ፣ አባባ።" ለእኔ ስንዴ አልሸጠልኝም። ትክክል ነው።

አሰግድ ውጭ ደረሱብኝ። ስድብ ጠበቅሁ።

"እኔ በሥራዬ ዘመን ብዙ የስንብት ደብዳቤ አይቻለሁ" አሉ። "የአንተን ያህል ጽሕፈቱ ያማረ ግን አላየሁም።"

አሁን ስለ መሥሪያ ቤታችን ሰሌዳ ቀለም ግማሽ ቀን ራሴን ያዞሩኛል። መንገድ አልቀይርም።