የውሉ ቀን አንባቢ

በሃያ ዓመቴ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ቆሜ፣ ስምንት አንቀጽ ያለውን ውል ሰባት አድርጌ አነበብኩት። የሆነው ይኸው ነው። የቀረው ማብራሪያ ነው፤ ማብራሪያ ደግሞ እንደምታውቁት የጥፋተኛ ሥራ ነው።

በዓል የሚባል ነገር ያስፈራኛል። ሰው አንድን ነገር እንዳይረሳ ብሎ ቀን ይቆርጥለታል። ለቀኑ ድንኳን ይተክላል፣ ለድንኳኑ ወንበር ይደረድራል፣ ወንበሩ ላይ ለሚቀመጠው በግ ያርዳል። በጉ ሲበስል ቀኑ ለምን እንደተቆረጠ የሚያስታውስ አይገኝም። ቢገኝም አፉ ሥጋ ይዟል።

ይህን ያነሳሳብኝ ከአየር ጤና በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ያየሁት ነው። አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ ስልኳን ከፍታ ትመለከታለች። ስልኩ ውስጥ ፊታቸውን የተነቀሱ ሰዎች መሬቱን እየረገጡ፣ ዓይናቸውን እያፈጠጡ ይጮኻሉ።

«ጦርነት ነው?» አልኳት።

«ኧረ በዓል ነው አባባ። ኒውዚላንድ። ውል የተፈራረሙበት ቀን ነው።»

«ለበዓል እንደዚህ ይቆጣሉ?»

«ውሉ አልተከበረልንም ነው የሚሉት» አለችና ወራጅ አለ ብላ ወረደች።

እኔ ግን አልወረድኩም፤ ፌርማታዬን አልፌ ሄድኩ። ማታ የጎረቤቴን ልጅ ስልክ ተውሼ አነበብኩ። ማኦሪ ይባላሉ፤ የአገሩ ቀደምት ሰዎች። ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት አለቆቻቸው ከእንግሊዝ ንግሥት መልእክተኛ ጋር ዋይታንጊ በሚባል ቦታ ውል ተዋዋሉ። አብዛኞቹ የፈረሙት በራሳቸው ቋንቋ የተጻፈውን ነው። እሱ በመሬታችሁ ላይ ያላችሁ ሥልጣን አይነካም ይላል፤ የእንግሊዝኛው ግን ሌላ ይላል። ይህ ለእኛ አዲስ ወሬ ስላልሆነ እንለፈው። ከዚያ በኋላ መሬቱ በጦርም በወረቀትም ከእጃቸው ወጣ። ቀኑ ግን ብሔራዊ በዓል ሆነ። በየዓመቱ ባለሥልጣን ይመጣል፣ ባንዲራ ይሰቀላል፣ ግማሹ ሰው ያከብራል፣ ግማሹ ጀርባውን ይሰጣል። በቅርቡ ደግሞ የውሉን ትርጉም በአዲስ ሕግ እንወስን የሚሉ ተነሱ። ሕዝቡ አገሩን በእግሩ አቋርጦ እምቢ አለ።

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሌላው ሰው ይህን ሲያነብ ለእነሱ ያዝን ይሆናል። እኔ የፈራሁት ለራሴ ነው።

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ያደግኩበት ሰፈር እንዲህ ያለ ቀን አለው። መሬቱ በንጉሡ ዘመን የአባባ ዲንሳ እርሻ ነበር። ከየአገሩ የመጡ ሰዎች መጠለያ ፈልገው ጠየቋቸው። ሥሩ አሏቸው። ግን ምንጩና ወደ ምንጩ የሚወርደው መንገድ የላሞቼ ነው፣ ማንም አያጥረውም አሉ። ይህ የውሉ ሰባተኛ አንቀጽ ሆነ። አባባ ዲንሳ ፊደል አልቆጠሩም። ስለዚህ አንድ ነገር አስጨመሩ፤ እኔ የጻፋችሁትን ማንበብ ስለማልችል በየዓመቱ በዚህ ቀን፣ በሁላችሁም ፊት፣ ከላይ እስከ ታች ይነበብልኝ። ስምንተኛው ይህ ነው። ካላየኋቸው ሰዎች ሁሉ ብልጡ እሳቸው ናቸው።

በዚያው ቀን እድር ተቋቋመ፤ ወረቀቱም እድሩ ዘንድ ተቀመጠ። በኋላ አዋጅ ወጥቶ መሬት የመንግሥት ሲሆን ሰፈሩ ውሉን አልጣለም፤ በየዓመቱ ይነበባል። አባባ ዲንሳ ካረፉ በኋላ ባለቤታቸው እማማ ጫልቱ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ይሰማሉ። አራት ላም ነበራቸው። ኑሯቸው ወተት ነው፤ ላሞቹ የሚጠጡት ከምንጩ ነው። ምንጩ ከታጠረ እማማ ጫልቱ አበቃላቸው ማለት ነው።

እኔ ያኔ ቆሼ፣ የከተማው ቆሻሻ ክምር ላይ፣ ብረት እየለቀምኩ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩ ሰው ነኝ። ያንን ዘመን አላወራውም። እናቴ ሳንባዋን ታማ ተኝታለች። እማማ ጫልቱ ማለዳ ማለዳ አንድ ኩባያ ወተት ይዘውላት ይመጣሉ፤ በሩን በእግራቸው ገፋ አድርገው፣ «ዛሬስ እንዴት አደርሽ?» እያሉ። ድምፄ ደህና ስለሆነ የዚያን ዓመት አንባቢ እኔ ተደረግኩ።

ከበዓሉ በፊት የእድሩ ሊቀመንበር ሱቃቸው አስጠሩኝ። ስማቸውን አልጠራም፤ ልጆቻቸው አሁንም ጎረቤቶቼ ናቸው።

«ሰባተኛውን ዝለለው» አሉኝ።

«ሰው ያውቀዋል እኮ ጋሼ።»

«ሰው ይበላል እንጂ አይሰማም። የምንጩ ቦታ ለጋራዥ ይፈለጋል።» የእድሩን መዝገብ አንስተው አቧራውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «እናትህ እንዴት ናት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ይመስገን። መዝገብ ክፉ ነገር ነው። አንዳንዴ ስም ይጎድልበታል። እንግዲህ ያኔ ማን ይቀብራታል? አንተ ብቻህን ትሸከማታለህ?»

እናንተ እድር ያላችሁ ሰዎች ይህን ስታነቡ ምን እንደተባልኩ ይገባችኋል። ዱላ አላነሱም። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። የሱቁን ደረጃ ስወርድ ግን ያለ ድንኳን፣ ያለ ለቅሶ ደራሽ፣ እኔና አንድ አልጋ ታየኝ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል። ተረቱ የተተረተው ለእኔ ነው።

በበዓሉ አነበብኩ። ከስድስት ወደ ስምንት ስሻገር ድምፄ አልተሰበረም፤ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ አንዱ ይኸ ነው። ሰዉ አጨበጨበ። እማማ ጫልቱ ተነሡ።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «የምንጩን አላነበብክልኝም።»

ማንበብ ስለማይችሉ አያውቁም ብለን ነበር። ሠላሳ ዓመት በጆሮ የገባ ነገር ግን ከወረቀት ይልቅ ይጸናል። ሊቀመንበሩ ወደ ሕዝቡ ዞረው «ተነቧል አልተነበበም?» ብለው ጠየቁ። ያ ሁሉ ውሉን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ሳህኑን ማየት ጀመረ። ከኋላ አንድ ሰው «ተነቧል» አለ። ሌላውም ተከተለ።

«አንባቢው ይንገራቸው» አሉ ሊቀመንበሩ፣ እኔን እያዩ።

«እማማ፣» አልኩ፣ «ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው ያነበብኩት።»

ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

«እናትህ ሌሊቱን ሳለች?» አሉኝና ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

በማግስቱም ወተቱ መጣ። እኔ በሩን ስሰማ ጓሮ ዞሬ ተደበቅኩ። የጋራዡ ቆርቆሮ አጥር በምንጩ መንገድ ላይ እስኪመታ ድረስ ወተቱ አንድም ቀን አልቀረም። ከዚያ ላሞቹ ተሸጡ፤ እማማ ጫልቱም ልጃቸው ጋ ሰበታ ሄዱ፤ እዚያው አረፉ ሲባል ሰማን። እናቴ ክረምቱን አልዘለቀችም። እድሩ ቃሉን አክብሮ ቀበራት። ሦስት ቀን ድንኳን ተተከለ፤ ቀብሩን ያየ ሁሉ አማረ አለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ወግቼ አልረሳሁም፤ ተረቱ ይህን አልገመተም።

ቀኑ ዛሬም ይከበራል። ንባቡ ቀርቷል፤ ረጅም ነው ተባለ። ወረቀቱ በመስታወት ተደርጎ እድሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ ቀለሙ ስለጠፋ ወንበር ላይ ቢቆሙም አይነበብም። ዘንድሮ የአሁኑ ሊቀመንበር፣ ጨዋ ወጣት፣ ማይክራፎን አቀበለኝ።

«አባባ፣ የድሮ ሰው እርስዎ ነዎት። ውሉ ምን ይላል? ለልጆቹ ይንገሩልን።»

ተነሣሁ። የማኦሪዎቹ ፊት ትዝ አለኝ። በድንኳኑ ቀዳዳ የጋራዡ ጣሪያ ይታያል። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ሰባ ዓመት እየተጠጋኝ መሆኑን፣ ሚስትም ልጅም እንደሌለኝ፣ መዝገቡ ማን ጋ እንዳለ አሰብኩ።

«ስለ መተባበር ነው የሚለው» አልኩ።

አጨበጨቡልኝ። ተቀመጥኩ፤ ሥጋ ቀረበልኝ፣ በላሁ።

ውሉ ሲነበብ የሰሙት ሁሉ አልቀዋል። የቀረሁት አንባቢው ነኝ።