የክፉ ቀን ሚኒስትሩ ጉድጓድ

ክፉ ቀንን እየጠበቀ የሚኖር ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ሌላው ሰው ደመወዝ ይጠብቃል፣ ዝናብ ይጠብቃል፣ የልጁን ሠርግ ይጠብቃል። እሱ ክፉ ቀንን ይጠብቃል፤ ያውም እንደ ክቡር እንግዳ፣ ቤቱን ጠርጎ። ዘይት ሲወደድ «አላልኳችሁም?» ይላል። ሲረክስ ደግሞ «ይሄ ማዘናጊያ ነው» ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው በክርክር የሚረታ እስከ ዛሬ አልተወለደም።

ሆሳዕና ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ላለው ሰፈር የደረሰው ክቡር አቶ አጵሎስ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ባርኔጣው ከራሱ የማይወርድ ሰው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት መናኸሪያ ውስጥ የመኪና ስምሪት ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መኪና ሲቀር፣ ጎማ ሲፈነዳ፣ ናፍጣ ሲጠፋ ያየ ሰው፣ ዓለም አንድ ቀን ቀጥ ብላ ትቆማለች ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ሰፈሩ «የክፉ ቀን ሚኒስትር» የሚል ማዕረግ ሰጥቶታል። ባለቤቱ ወይዘሮ ጣቢታ ደግሞ ሳትወድ በግድ ምክትል ሚኒስትር ሆናለች።

ጣቢታ መሾሟን ያወቀችው የዛሬ አራት ዓመት ነው። አጵሎስ ሱፉን ለብሶ፣ እሷን አስከትሎ መብራት ቢሮ ሄደ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ መብራት እንዲገባለት ሊለምን የመጣ ነው። የአጵሎስ ተራ ሲደርስ፣

«ቆጣሪዬ ይነሳልኝ» አለ።

«ተበላሽቶብዎት ነው፣ አባባ?» አለችው መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ።

«የለም፣ ደህና ነው።»

«ቤቱን ሊለቁ ነው?»

«የለም፣ እዚያው ነኝ።»

«ታዲያ ቆጣሪው ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋም። ክፉ ቀን ሲመጣ ከሰው ጋር በሽቦ ተሳስሬ እንዲያገኘኝ አልፈልግም።»

ልጅቷ ወደ ጣቢታ አየች። ጣቢታ ወደ ጣሪያው አየች።

ከዚያ ወዲህ የቤቱ መብራት ከፀሐይ ነው። ጣሪያው ላይ ያለችው አንዲት ሶላር ሦስት አምፖል ታበራለች፤ ቴሌቪዥኑንም ለአምስት ደቂቃ ታሠራለች። የዜናው ርዕሶች ተነበው ዝርዝሩ ሲጀመር ቴሌቪዥኑ ድርግም ይላል። በዚህ የተነሳ አጵሎስ የዓለምን ችግር ሁሉ በርዕስ ያውቃል፤ መፍትሔውን ግን አንድም ቀን ሰምቶ አያውቅም። ክረምት ሲገባ ሶላሯም ታርፋለች። ያኔ ሚኒስትሩና ምክትሉ ከዶሮዎቹ ጋር እኩል ይተኛሉ።

«ድሮ ሰው እንዲህ ነበር የሚኖረው» ይላል አጵሎስ በጨለማው ውስጥ።

«ድሮማ እኔም ልጅ ነበርኩ» ትላለች ጣቢታ።

ደግነቱ የሰፈሩም መብራት አንዳንዴ ይጠፋል። ያን ቀን የአጵሎስን ደስታ ማየት ነው። አምፖሉን አብርቶ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ደጅ ይቆማል። ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ የሚመጣውን ሰው ሁሉ እንደ አምባሳደር ተቀብሎ ያስገባል። ሰውም ሲያየው ከመቀመጫው ይነሳለታል፣ ከሩቅ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለዋል። አጵሎስ ይህ ሁሉ ክብር የሶላሯ ነው ብሎ ያምናል።

ቀጥሎ የመጣው ከላም እበት የሚወጣው ጋዝ ነው። ላሟ አንድ ናት። አንድ ላም የምትሰጠው ጋዝ ደግሞ አንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ ቢያፈላ ነው፤ እሱም ደህና ከበላች። ስለዚህ አጵሎስ አካፋ ይዞ ከኋላዋ ይዞራል። ሰው ግቢ ገብታ ከጣለች አንኳኩቶ ገብቶ ንብረቱን ያስመልሳል። ላሟ እንድትበላ ደግሞ ጣቢታ ሣር መሸከም አለባት። ጣቢታ ይህን ሁሉ ስታሰላስል ቆይታ አንድ ቀን «አንተ የነህምያ አባት፣ በአጭሩ ይሄን ሻይ የማፈላው እኔ በወገቤ ነው» ብላዋለች።

አልጋቸው ሥር ያለውን የአርባ ኪሎ ጨው ነገር መተው ይሻላል። አንድ ክረምት እርጥበት ገብቶበት ወለሉ ላይ ትንሽ የጨው ሐይቅ ሠርቶ ነበር።

አጵሎስ ለክፉ ቀን እንዲህ ይዘጋጅ እንጂ፣ ቀኑ መጣ ብሎ ማመን ግን አይሆንለትም። ስኳር ሲጠፋ «ይሄ ገና ነው!» ይላል። ጤፍ ሲወደድ «ይሄ ገና ነው!» ተገኘ የሚባለው ጎረቤቱ ሾፌር እግሩ ተሰብሮ አልጋ ላይ የዋለ ጊዜ እንኳ፣ ጣቢታ ከጉድጓዱ ትንሽ እናውጣላቸው ስትለው፣ «ይሄ የአንድ እግር ጉዳይ ነው፤ ገና ነው!» ነበር መልሱ።

ጉድጓዱ የሚኒስቴሩ ዋና መጋዘን ነው። ከቤቱ ጀርባ፣ እንሰቱ መሐል የተቆፈረ፣ በኮባ ቅጠል የተለበጠ፣ ከላይ ድንጋይ የተጫነበት የቆጮ ጉድጓድ ነው። ቆጮ በወጉ ከተያዘ ዓመታት ይቆያል። ወጉ ደግሞ በየጊዜው መክፈት፣ ማገላበጥ፣ ቅጠሉን መቀየር ነው። ይህ ሁሉ የሴት ሥራ ነው። ወንድ እንሰት ይተክላል፤ በሚፋቅበትና ቆጮ በሚገላበጥበት ቦታ ግን ዝር አይልም፤ ዝር ካለ መሳቂያ ነው። እንግዲህ ክቡር ሚኒስትሩ የመጋዘኑን በር መክፈት የማይችል ሚኒስትር ነበር። ከሩቅ ሆኖ ይጠይቃል።

«መጋዘኑ እንዴት ነው?»

«ቅጠሉን ትናንት ቀየርኩት።»

ጣቢታ አልዋሸችም። ቅጠሉን ቀይራለች። ከቅጠሉ ሥር ያለው ግን በየጊዜው ይቀንስ ነበር። የሾፌሩ እግር በተሰበረ በሦስተኛው ቀን፣ አጵሎስ መናኸሪያ ሲሄድ ጠብቃ ድንጋዩን አነሳች፤ ከዚያ ወዲህ እጇ አልተመለሰም። ዘንድሮ ከሥር የቀረው አንድ ሸክም አይሞላም። ድንጋዩ ግን እንደ ድሮው ከላይ ተጭኗል፤ ከሩቅ ለሚያየው ጉድጓዱ ሙሉ ነው።

ልትነግረው ብዙ ጊዜ አስባለች። አፏ ላይ ደርሶ የሚመለሰው ቁጣውን ፈርታ አይደለም፤ አጵሎስ ሲቆጣ ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ ከማድረግ በቀር የሚያደርገው የለም። የምትፈራው ሌላ ነው። ሰባት ዓመቱ ሳለ፣ ጊምቢቹ አካባቢ፣ በአንድ የረሃብ ዓመት እናቱ ጆንያ አስይዛ እህል እንዲለምን አክስቱ ዘንድ ልካው ነበር። አክስቱም ዘንድ እህል አልነበረም። ሲመለስ ጆንያውን ሣር ሞልቶ ተሸክሞት መጣ፤ እናቱ ከሩቅ ስታየው ለትንሽ ጊዜ እንኳ ደስ እንዲላት። ይህን ለጣቢታ የነገራት በተጋቡ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ነው። ዳግም አላነሳውም።

ማክሰኞ ዕለት ልጃቸው ነህምያ ከአዲስ አበባ ደወለ። ይሠራበት የነበረው ድርጅት ተዘግቷል። የቤት ኪራይ አልቻለም።

«አባዬ፣ ከራሄልና ከልጆቹ ጋር ቅዳሜ ልንመጣ ነው። እስክንቋቋም ድረስ...»

አጵሎስ ስልኩን ዘጋ። ጣቢታ «ይሄ ገና ነው» እስኪል ጠበቀች።

«መጣ» አለ።

ፊቱ ላይ ሐዘን ነበር። ከሐዘኑ ሥር ግን ጣቢታ ሌላ ነገር አየች፤ ኩራት። ልጁ ሲቸገር የሚመጣበት የሞላ ቤት አለው። ለዚህ ነው ሽቦ የቆረጠው፣ ለዚህ ነው ከላም ኋላ የዞረው።

«ለስድስት ሰው ስምንት ወር ይበቃል፤ አስቤበታለሁ» አላት። «ነገ ጉድጓዱን ክፈቺ።»

በማግስቱ ጠዋት ጣቢታ ከእንሰቱ መሐል ሆና ጠራችው። እንደ ልማዱ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ና ቅረብ።»

«እኔ? እዚያ?»

«ዛሬ ና።»

የሚያየው ሰው እንደሌለ ግራ ቀኙን ቃኝቶ ቀረበ። ጣቢታ ድንጋዩን አነሳች፤ ቅጠሉን ገለጠች። አጵሎስ አጎንብሶ አየ።

«ሌባ ነው?»

«ሌባ አይደለም። እኔ ነኝ።»

አንድ በአንድ ነገረችው። ለተገኘ ሚስት ለወይንሸት፣ እግሩ የተሰበረ ጊዜ። ለርብቃ፣ መንታ የወለደች ጊዜ። ለሲላስ፣ ቤቱ የተቃጠለ ጊዜ። ሌሎቹንም።

«ስነግርህ ገና ነው ትለኝ ነበር» አለችው። «ለእነሱ ግን ደርሶባቸው ነበር።»

አጵሎስ ባርኔጣውን አላወለቀም። አልተቆጣም። ፊቱ፣ ልክ እንደፈራችው፣ የሰባት ዓመት ልጅ ፊት ሆነ።

«ነህምያ መጥቶ ምን ሊበላ ነው?» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ዞሮ በአጥሩ በር ወጣ።

አንድ ነገር አልነገረችውም ነበር። እሱን ሳትነግረው ሊሄድባት ነው። ነጠላዋን አፈፍ አድርጋ ተከተለችው። አጵሎስ በቀጥታ ወደ ወይንሸት ቤት ሲታጠፍ ከአጥሩ ኋላ ቆመች።

«ወይዘሮ ወይንሸት!»

«እንዴ ጋሼ አጵሎስ! ምነው ደጅ? ይግቡ እንጂ!»

«አልገባም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ተገኘ ተሰብሮ የተኛ ጊዜ የእኔን ቆጮ በልታችኋል?»

ወይንሸት አባቷ ከሰሜን በሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ ቆጮ የለመደችው ካገባች በኋላ ነው። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«በልተናል እንጂ ጋሼ! አራት ወር ሙሉ! ላመሰግንዎ ስል እትዬ ጣቢታ እየከለከሉኝ እኮ ነው።»

«ምን ብላ?»

«‹እሱ ነው የላከኝ፤ ሲመሰገን ግን ይቆጣል፤ እንዳታነሺበት› ብለው ነዋ!»

ተገኘ ከውስጥ እያነከሰ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ እኔማ ከአልጋ የተነሳሁ ቀን ልስምዎ መጥቼ ነበር። ኑሮ ከበደ ብልዎ ‹ይሄ ገና ነው!› ብለው ጮኹብኝ። ይሄ ምን ዓይነት ሰው ነው፣ በጓሮ አብልቶ በፊት ለፊት የሚቆጣ ብዬ እየሳቅኩ ተመለስኩ። ሰፈሩ ሁሉ እኮ እንደዚያ ነው የሚልዎ። ሰው የሚነሳልዎ ለምን ይመስልዎታል? ለአምፖሉ ነው?»

ጣቢታ ከአጥሩ ኋላ ሆና ሁሉንም ትሰማለች። አሁን አንድ ቃል ቢናገር ያለቀላት ናት፤ በሰፈሩ ፊት ሌባም ውሸታምም ሆና ልትቀር ነው። እሷ ግን «እሱ ነው የላከኝ» ስትል ያን ያህል የዋሸች መስሎ ተሰምቷት አያውቅም። እንሰቱን የተከለው እሱ፣ ጉድጓዱ እንዲሞላ ዓመቱን ሙሉ ሲነዘንዝ የኖረው እሱ። የእሱ ፍርሃት ያን ጉድጓድ ባይሞላው ኖሮ፣ እጇ እንዲያ የሚፈታ ሴት መሆኗን እሷም ባላወቀች ነበር።

አጵሎስ ባርኔጣውን አወለቀ። መልሶ አደረገው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ታዲያ... በቃችሁ?» አለ።

«ከበቃንም በላይ ጋሼ!»

«ጨው አብሬ ሳልክ መቅረቴ ነው» አለ አጵሎስ። «ጨው ነበረኝ።»

ወይንሸት ሳቀች፤ ከዚያ ፊቱን አይታ ሳቋን ተወች። «ምን ሆነዋል ጋሼ?»

አራት ዓመት ከማንም ምንም አልፈልግም ሲል የኖረ ሰው ነው፤ ቃሉ ቶሎ አልወጣለትም። መሬት መሬት እያየ፣ «ነህምያ ቅዳሜ ሊመጣ ነው፤ ከነልጆቹ» አለ። «ጉድጓዱ ባዶ ነው።»

ወይንሸት «እኔ ሴቶቹን ልጥራ» አለች። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ዓርብ ዕለት ጣቢታ ጓሮ ውስጥ መቆሚያ ጠፋ። የደረሱት እንሰቶች ተቆርጠው ሴቶቹ ሲፍቁ ዋሉ፤ ይኸኛው ለኋላ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል። ለአሁኑ እያንዳንዷ ከራሷ ጉድጓድ በኮባ ጠቅልላ ይዛ መጥታለች። ርብቃ አንዱን መንታ በጀርባዋ፣ አንዱን በእጇ፣ ቆጮዋን በራሷ ተሸክማ ገባች። ወይንሸት በራሷ ቆጮ ስለማትተማመን ሽሮ ጨመረች። የእንሰቱ ሥር ተቀቅሎ ከቅቤ ጋር ለሁሉም ተዳረሰ። ሚኒስትሩ በወጉ መሠረት ወደ ጓሮው አልቀረበም። የአጥሩ በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሸክም ሁሉ እየተቀበለ «ኧረ ይሄን ያህል! ኧረ ምነው!» ሲል ዋለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ መጪው ዓመት አንድም ነገር አልተናገረም።

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ ሊወጡ ተነሱ። አጵሎስ መስኮቱ ላይ ባለችው መስታወት ፊቱን ይላጫል። ጉድጓዱ ከተከፈተበት ጠዋት ወዲህ ስለዚያ ነገር ትንፍሽ አላለም፤ ጣቢታም አላነሳችም። ጫማዋን እያሰረች ነበር።

«ጣቢታ።»

«አቤት።»

«ለስንት ቤት ነው የላክሁት?»

እጇ ክሩ ላይ ቆመ። ቀና ብላ አየችው። እሱ መስታወቱን ነው የሚያየው፤ ግማሽ ፊቱ አረፋ ነው። በጣቷ ቆጠረችለት፤ አንድ እንዳይቀርበት ሁለት ጊዜ ቆጠረች።

«ለሰባት።»

አጵሎስ ምላጩን ከጉንጩ አነሳ።

«ሰባት ብቻ?»